ውሃው ሲቀላ፦ ብረትና ማንጋኒዝ የሚያስቀምጡ ባክቴሪያዎችን ከጉድጓድ ማስወጣትና በአሸዋ ውስጥ ማሠራት

እናቴ ግቢ ያለው ጉድጓድ አሥራ አንድ ሜትር ይጠልቃል። ውሃው ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው። ጀሪካን ውስጥ ሲያድር ግን ይቀላል። ነጠላ ሲታጠብበት ቢጫ ይይዛል፣ ሻይ ሲፈላበት ይጠቁራል። ቧንቧው ዝጓል ተባለና የብረቱ ቧንቧ ወጥቶ ፕላስቲክ ገባ። ሦስት ወር ሳይሞላ ውሃው እንደገና ቀላ። እናቴም ለዚያ ሥራ ያወጣችው ብር ሳይመለስ ቀረ።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ገንዘቡን እንዳይጨርስ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የሽያጭ ሰው ሳትጠሩ፣ አብዛኛውንም ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ። መሬት ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ ውሃ ብዙ ጊዜ አየር የለውም። አየር በሌለበት ብረት በውሃ ውስጥ እንደ ስኳር ይሟሟል፣ አይታይም። ማንጋኒዝ የሚባለው ብረት መሰል ማዕድንም እንዲሁ። ውሃው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ብረቱ ወደ ዝገት ይለወጣል። በዚህ የብረትና የአየር መገናኛ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ጋሊዮኔላ የሚባለው ብረቱን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር አዋህዶ በሚያገኘው ኃይል ይኖራል። የሚያገኘው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ለመኖር ብዙ ብረት መለወጥ አለበት። ለዚህ ነው ጥቂት ባክቴሪያ ያን ሁሉ ቀይ አተላ የሚያወጣው። ሌፕቶትሪክስ የሚባለው ደግሞ ቱቦ የመሰለ ሽፋን ሠርቶ ዝገቱን በላዩ ላይ ይለብሳል። ከሌፕቶትሪክስ ወገን የሆኑ አንዳንዶቹ ማንጋኒዝንም ይለውጣሉ። ማንጋኒዝ የሚተወው አተላ ጥቁር ነው።

ብረትና ማንጋኒዝ አንድ የሚለያዩበት ነገር አለ። ብረት አየር ካገኘ ባክቴሪያ ባይኖርም ራሱ በፍጥነት ይዝጋል። ማንጋኒዝ ግን በተለመደ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ እርዳታ ለመለወጥ በጣም ቀርፋፋ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ማጣሪያው ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ብረት ያለበት ውሃና አየር እስከተገናኙ ድረስ እነዚህ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን አይተዉም። ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። የሚሠሩበትን ቦታ መምረጥ ግን ይቻላል። ጉድጓዱና ፓምፑ ውስጥ ከሚሠሩ፣ እኛ ባዘጋጀንላቸው አሸዋ ውስጥ ይሥሩ።

1. በዓይን ማየት

ከሽንት ቤቱ ጀምሩ። ከመቀመጫው ኋላ ያለውን የውሃ ሳጥን ክዳን አንሱ። እዚያ ውሃ ረግቶ ስለሚቆይና አየር ስለሚያገኝ ባክቴሪያው ካለ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ግድግዳውን በጣታችሁ አብሱት። የሚያሟልጭ፣ ልጋግ የመሰለ፣ ብርቱካናማ ነገር ከመጣ ባክቴሪያ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ደረቅ የጡብ ዱቄት ከመሰለ ምናልባት ተራ ዝገት ነው። ልጋጉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ማንጋኒዝ አለበት ማለት ሊሆን ይችላል።

ሽታውንም አስተውሉ። ረግቶ የቆየ ቤት ሽታ፣ የረግረግ ሽታ፣ አንዳንዴም የዱባ ልጣጭ ሲበሰብስ ያለው ዓይነት ሽታ ይኖረዋል።

ጉድጓዱ ወይም ምንጩ ክፍት ከሆነ ደግሞ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የሚያበራ ስስ ሽፋን ታዩ ይሆናል። ብዙ ሰው ናፍጣ ፈሰሰ ብሎ ይደነግጣል። ቀጭን እንጨት አንሱና ሽፋኑን መሃል ለመሃል ሰንጥቁት። ናፍጣ ከሆነ እንጨቱ እንዳለፈ ተመልሶ ይገጥማል። የባክቴሪያ ሽፋን ከሆነ እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። ቁርጥራጮቹም ጠርዝ ጠርዛቸው እየታየ ተራርቀው ይንሳፈፋሉ። እኔ መጀመሪያ ይህን ያየሁት ረግረግ ዳር ነው። ከእንጨቱ ጫፍ ላይ አንዱ ቁራጭ ተለጥፎ ወጣ። ፀሐይ ላይ ሳዞረው ሐምራዊና ወርቃማ ያበራል፣ በጣቴ ስነካው ግን ቀይ አቧራ ሆነ።

2. የሃይላንድ ሙከራ

ሦስት ንጹሕ ሃይላንድ አዘጋጁ። አንደኛውን ጠዋት ማንም ውሃ ሳይከፍት ከቧንቧው ሙሉ። ከዚያ ውሃው አሥር ደቂቃ ይፍሰስና ሁለተኛውን ከዚያው ቧንቧ ሙሉ። ሦስተኛውን በቀጥታ ከጉድጓዱ አፍ፣ ከሮቶው በፊት ሙሉ። ሦስቱንም ጥላ ላይ አንድ ቀን አስቀምጡ። የቀዳችሁበትን ሰዓት ጻፉበት።

የጠዋቱ ብቻ ቀልቶ ሁለቱ ጥርት ካሉ ጥፋቱ የቧንቧ ዝገት ነው። ቧንቧ መቀየር የሚያዋጣው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ሦስቱም ሲቀዱ ጥርት ብለው ኋላ ቀስ እያሉ ከደፈረሱና ታች ላይ ልም ዱቄት ካስቀመጡ፣ የተሟሟ ብረት አላችሁ። ከጉድጓዱ አፍ የተቀዳው ገና ሲቀዳ የሚንሳፈፍ ነገር ካለበት ባክቴሪያው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል።

ያንን የሚንሳፈፍ ነገር ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሃይላንዱን ወደ ብርሃን ያዙና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ተራ ዝገት ይበተንና ውሃውን ያደፈርሰዋል። የባክቴሪያው ግን ባዘቶ ይመስላል። አንዱ ከአንዱ ተያይዞ፣ ሳይበተን ይዞራል። ሃይላንዱ ሲቆም ቀስ ብሎ ይወርድና ታች ላይ እንደ ለስላሳ ጥጥ ይቀመጣል።

ቀይ አፈር የገባበት ውሃም ስላለ እንዳያታልላችሁ የሻይ ሙከራ ጨምሩ። ወፍራም ጥቁር ሻይ ያለ ስኳር አፍሉ። አንድ ብርጭቆ ከዚህ ውሃ ቀድታችሁ ሁለት ማንኪያ ሻይ ጨምሩበት። ብረት ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ግራጫ፣ ከዚያም ወደ ቀለም ጥቁረት ይሄዳል። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ነው እንዲህ የሚሆነው። ጎን ለጎን በታሸገ ውሃ ተመሳሳዩን ሥሩና አወዳድሩ። የአፈር ድፍርስ ሻዩን አያጠቁርም።

3. ብርጭቆ ሰቅሎ መጠበቅ

ይህ እኔ የምወደው ክፍል ነው። አስገዳጅ አይደለም፣ ግን ትምህርት ቤት አጠገብ ማይክሮስኮፕ ካለና ልጆች ካሏችሁ አትለፉት።

ለማይክሮስኮፕ የሚሆኑ ሁለት ስስ የብርጭቆ ስላይዶች ውሰዱ። በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። በክር አስራችሁ፣ ከታች ትንሽ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ፣ ከውሃው ወለል ሃያ ሠላሳ ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ስቀሉ። ሰባት ቀን ተውት። ስታወጡት አንዱን ፊት ጥረጉና ሌላውን ፊት ሳትነኩ፣ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጋችሁ፣ በስስ መሸፈኛ ሸፍናችሁ በ400 እጥፍ ተመልከቱ።

ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ሁለት ክር አንድ ላይ እንደተፈተለ ሆኖ የተጠማዘዘ ቡናማ ገመድ ነው። ያ የጋሊዮኔላ ጭራ ነው። ባክቴሪያው ራሱ ባቄላ የመሰለ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ የተቀመጠ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ስላይዱ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይረግፋል፣ ስለዚህ ካላያችሁት አትዘኑ። ሁለተኛው ቀጥ ያለ፣ ባዶ አገዳ የመሰለ ቱቦ ነው። ያ ሌፕቶትሪክስ ነው። አብዛኛው ቱቦ ባዶ መሆኑ ይገርማል። ባክቴሪያው ቱቦውን ሠርቶ፣ ብረት አልብሶ፣ ትቶት ወደ ፊት ይሄዳል።

የባክቴሪያ ተመራማሪው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ ብረት ባክቴሪያዎች የጻፈው እንዲህ ዓይነቱን ቱቦ እያየ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ድንጋይና ብረት ከመሰለ ነገር ኃይል ሊያገኝ ይችላል የሚለው ሐሳብ ያኔ አዲስ ነበር። ኋላ ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ቦሪስ ፔርፊልዬቭና ዲና ጋቤ የሐይቅ ጭቃ ውስጥ በጣም ቀጫጭን ጠፍጣፋ የብርጭቆ ቱቦዎች እየተከሉ፣ ባክቴሪያዎቹ ብረትና ማንጋኒዝ ሲያስቀምጡ ሳያውኳቸው ይመለከቱ ነበር። እናንተ ጉድጓድ ውስጥ የሰቀላችሁት ስላይድ የዚያው ዘዴ ታናሽ ወንድም ነው።

4. ጥቁሩን መፈተን

ጥቁር ነገር ሁሉ ማንጋኒዝ አይደለም። ለመለየት ከፋርማሲ ቁስል የሚታጠብበትን ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ግዙ። ጥቁሩን ልጋግ ፋቁና ለምግብ በማይውል የቆርቆሮ ክዳን ላይ አድርጋችሁ እሳት ላይ በደንብ አድርቁት። ሲቀዘቅዝ ሁለት ጠብታ ፐሮክሳይድ ጣል አድርጉበት። ማንጋኒዝ ከሆነ በኃይል ይፈላል።

ማድረቁን አትዝለሉ። ሕይወት ያለው ልጋግ ሁሉ ፐሮክሳይድን ያፈላል፣ ቁስልን እንደሚያፈላው። እሳቱ ያንን ይገድለዋል። ማንጋኒዙ ግን ከእሳት በኋላም ማፍላቱን አይተውም።

5. ላቦራቶሪ መውሰድ

የቤት ሙከራ ምን እንዳለ ይነግራችኋል፣ ምን ያህል እንደሆነ አይነግራችሁም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ውሃ የሚመረምር ላቦራቶሪ መሄድ ይሻላል። ጠርሙሱን ከእነሱ ተቀበሉ። ለብረትና ለማንጋኒዝ የሚሰጠው ጠርሙስ አሲድ ያለበት መሆን አለበት፣ አለዚያ ብረቱ መንገድ ላይ ዝጎ ጠርሙሱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ውጤቱም ዝቅ ብሎ ይመጣል። የተሟሟ ብረት፣ ጠቅላላ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚለካው ቁጥር) እና ኢ. ኮላይ (ሰገራ ውሃው ውስጥ መግባቱን የሚያሳይ ባክቴሪያ) ጠይቁ።

ብረት በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ሲያልፍ ልብስ ማበላሸትና ጣዕም መለወጥ ይጀምራል። በጤና በኩል ያን ያህል አያስፈራም። ብረት የሚያስቀምጡት ባክቴሪያዎችም ራሳቸው በሽታ አያመጡም። ማንጋኒዝ ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጊዜያዊ ገደብ በሊትር 0.08 ሚሊግራም ነው፣ ሲያወጣውም በዋናነት ያሰበው በጡጦ ዱቄት ወተት የሚጠጡ ሕፃናትን ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለና ማንጋኒዙ ከዚህ ካለፈ ማጣሪያው ሠርቶ እስኪረጋገጥ ድረስ ወተቱን በሌላ ውሃ በጥብጡ። ማፍላት ማንጋኒዝን አያወጣም።

ኢ. ኮላይ ከተገኘ ከቀይነቱ በፊት እሱን አስቡ። ከሽንት ቤት ወይም ከበረት የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው።

6. ጉድጓዱን ማጽዳት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማንም ሰው ጉድጓድ ውስጥ አይግባ። ጉድጓድ ውስጥ ያለው አየር ኦክስጅን ላይኖረው ይችላል፣ ሰው ሳያውቀው ይዝለፈለፋል። ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይቀራል። ሻማ አውርዶ መሞከር አያድንም። በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕም ጉድጓድ ውስጥ አውርዳችሁ አታስነሱ፣ ጭሱ ይገድላል። መግባት ግድ ከሆነ አየር መለኪያና መጎተቻ ያለው ባለሙያ ይግባ።

ከላይ ሆናችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ረጅም እንጨት ላይ ጠንካራ ብሩሽ እሰሩና ግድግዳውን ከውሃው በላይም በታችም ፈትጉ። ፓምፑን፣ ገመዱንና የመሳቢያውን ቱቦ አውጥታችሁ ፈትጉ። ይህን ሳያደርጉ ክሎሪን መጨመር ብር ማፍሰስ ነው። ልጋጉ ወፍራም ስለሆነ ክሎሪኑ ውስጡ አይደርስም፣ ያለው ብረትም ክሎሪኑን ይበላዋል። የተፈተገውን ቀይ ውሃ ጥርት እስኪል ሳቡና አፍስሱ።

ከዚያ ስንት ሊትር ውሃ እንዳለ አስሉ። ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረ ገመድ አውርዳችሁ የረጠበውን ለኩ። ለምሳሌ የጉድጓዱ ወርድ 1 ሜትር፣ ውሃው 4 ሜትር ነው እንበል። የወርዱ ግማሽ 0.5 ነው። 0.5 ሲባዛ በ0.5፣ ሲባዛ በ3.14፣ ሲባዛ በ4፣ 3.14 ሜትር ኩብ ይመጣል። ይህም 3,140 ሊትር ነው። በሊትር 100 ሚሊግራም ክሎሪን ለማድረግ 314 ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና በሊትር 50 ግራም ስለሚይዝ 6 ሊትር ከሩብ ገደማ ማለት ነው። 65 በመቶ የሆነ የክሎሪን ዱቄት ከሆነ ግማሽ ኪሎ ገደማ። በማሽን ለተቆፈረና 15 ሳንቲሜትር ወርድ ላለው ጉድጓድ በአንድ ሜትር 18 ሊትር ያህል ውሃ አስሉ።

በረኪና ስትገዙ የመቶኛውን ቁጥርና የተመረተበትን ቀን ከላዩ ላይ አንብቡ። ሲቆይ ኃይሉ ይቀንሳል። ሽቶ ያለበትን አትግዙ። ዱቄት ከሆነ ውሃ ባለበት የፕላስቲክ ባልዲ ላይ ዱቄቱን ጨምሩ እንጂ ዱቄት ላይ ውሃ አታፍስሱ። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤና ከማንኛውም አሲድ ጋር ፈጽሞ አታገናኙት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ፓምፑን መልሳችሁ አስገቡና ውሃውን በጎማ እየሳባችሁ መልሳችሁ ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ ልቀቁት። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ይዙር። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ አንድ በአንድ ክፈቱና የክሎሪን ሽታ ሲመጣ ዝጉት። ከ12 እስከ 24 ሰዓት አትንኩት።

በማግሥቱ የሚወጣው ውሃ የጡብ ጭቃ ቢመስል አትደንግጡ፣ መውጣት ያለበት ነው የወጣው። ጎመን ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት። ደረቅ መሬት ላይ አፍስሱ። ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ሳቡ። ለመጠጥ ከመመለሳችሁ በፊት ኢ. ኮላይን እንደገና አስመርምሩ።

ይህ ሥራ ባክቴሪያውን ለወራት ያዳክመዋል እንጂ ለዘለዓለም አያጠፋውም። ዕድሜውን ለማራዘም ሦስት ነገር ይረዳል። ፓምፑ ውሃውን እስከ ታች እንዳያደርቀው አድርጉ፤ ውሃው በወረደ ቁጥር ባዶ በሆነው ቦታ አየር ይገባል። የሚመለስ ውሃ ከላይ እየተንፏፏ ጉድጓዱ ውስጥ አይውደቅ። ከሌላ ሰው ጉድጓድ የመጣ ፓምፕና ገመድም በበረኪና ውሃ ሳይታጠብ አይግባ። ባክቴሪያው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ በዕቃ ሊሄድ ይችላል።

ስለ ልብሱም ልንገራችሁ፣ እናቴ በዚህ ሁለት ጥሩ ነጠላ አበላሽታለች። የብረት ቢጫ በበረኪና አይነሳም። እንዲያውም በረኪናው ብረቱን አዝጎ ያጸናዋል። ሎሚ ጨምቁበት፣ ጨው ነስንሱበት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት። ከዚያ በንጹሕ ውሃ በደንብ አለቅልቁ።

7. የአሸዋ ማጣሪያ፦ የሥራ ቦታ መስጠት

ዴንማርክ ውስጥ የመጠጥ ውሃ የሚመጣው ከከርሰ ምድር ነው። የውሃ ተቋሞቹም በአብዛኛው ውሃውን አየር ሰጥተው በአሸዋ ያሳልፉታል። ብረቱና ማንጋኒዙ እዚያ ይቀራል። ሥራውን ከሚሠሩት መካከል እነዚሁ ባክቴሪያዎች አሉበት። ያንኑ በአንድ በርሜል መሥራት ይቻላል።

ምግብ የተያዘበት ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ፈልጉ። ኬሚካል የነበረበትን በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ታች ላይ ብዙ ቀዳዳ የተበሳ የፕላስቲክ ቱቦ አጋድሙና ጫፉን በበርሜሉ ጎን አውጡ። ከውጭ ቱቦውን ወደ ላይ አቁሙትና ከአሸዋው ወለል 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲያፈስ አድርጉ። ይህ ከፍታ ዋናው ነገር ነው። ውሃ ባይመጣም አሸዋው አይደርቅም፣ ባክቴሪያው አይሞትም።

ቱቦው ላይ 15 ሳንቲሜትር ጠጠር፣ በላዩ 5 ሳንቲሜትር ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያ 50 ሳንቲሜትር አሸዋ። አሸዋው ከጤፍ የሚተልቅ፣ ከሰሊጥ የማይበልጥ ይሁን። በወንፊት ለዩትና ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት። እኔ ስምንት ጊዜ አጥቤያለሁ። አራተኛው ላይ ይበቃል ብዬ ነበር፣ ግን ጨርቅ ላይ ሳፈሰው ገና ጭቃ ነበረው።

አየር ለመስጠት የባልዲ ቂጥ በምስማር ብዙ ቦታ ብሱና ከበርሜሉ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ውሃው እንደ ሻወር እየዘነበ ይውረድ። አሸዋው እንዳይቦረቦር የሚወርድበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። ፍሰቱን በቫልቭ ቀንሱና በመውጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአሥር ደቂቃ ገደማ እንዲሞላ አስተካክሉ። ከዚያ ከፈጠነ ማንጋኒዙ ሳይለወጥ ያልፋል። የብረቱ መጠን ከፍተኛ ከሆነ ውሃው መጀመሪያ ሮቶ ውስጥ አድሮ እንዲረጋ አድርጉ፣ አለዚያ በርሜሉ በየሁለት ቀኑ ይደፈናል።

አሁን ትዕግሥት ይጠይቃል። ብረቱ ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ማንጋኒዙ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ብረቱ ላይኛው አሸዋ ላይ ካላለቀ ማንጋኒዙ አይጀምርም። ደግሞም ቀደም ብዬ እንዳልኩት ማንጋኒዝ ባክቴሪያ ይፈልጋል፣ ባክቴሪያው ደግሞ አሸዋው ላይ ለመደላደል ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት አልሠራም ብሎ የሚያፈርሰው ለዚህ ነው። ሥራው ሲጀምር ከታች ያለው አሸዋ ፍሬ በፍሬ ይጠቁራል። ያ ጥቁር ልባስ ራሱ ቀጣዩን ማንጋኒዝ እየያዘ ሥራውን ያፋጥነዋል።

በርሜሉ ውስጥ ክሎሪን አይግባ። ክሎሪን ከፈለጋችሁ ከማጣሪያው በኋላ፣ በማጠራቀሚያው ላይ ጨምሩ። ጉድጓዱን በምታጸዱበት ሰሞን ውሃው በበርሜሉ እንዳያልፍ መንገዱን ዝጉት፣ አሸዋው ላይ ግን ያጣራችሁትን ንጹሕ ውሃ በየቀኑ ጨምሩ።

ፍሰቱ ሲቀንስ ላይኛውን 5 ሳንቲሜትር አሸዋ ብቻ በእጅ አማስሉና ቀዩን ውሃ በጣሳ ቅዱ። ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። ሙሉውን አሸዋ አውጥታችሁ አትጠቡ፣ በተለይ ጥቁሩን። አንድ ወር ሲሆን፣ ከዚያም ሦስት ወር ሲሆን ከመውጫው ቀድታችሁ ማንጋኒዙን አስለኩ። ሕፃን ያለበት ቤት ከዚያ በፊት አይመን።

የእናቴ በርሜል በዘጠነኛው ሳምንት ጠቆረ። ሻዩ ቀይ ሆኖ የቀረው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው፣ ብረቱ ቶሎ ስለሄደ። ባለፈው ወር ከታች ያሉት ጎረቤታችን እትዬ በርሜላቸውን ሠርተው ጨርሰው መጡ። አዲስ አሸዋ ከባዶ ከሚጀምር፣ ከሚሠራ ማጣሪያ ትንሽ ቢጨመርበት ቶሎ ይይዛል። እናቴ ከበርሜሉ ሁለት ጣሳ ጥቁር አሸዋ ከነውሃው ቀድታ በፌስታል አሰረችላቸውና «እርሾ ነው፣ እንዳይደርቅብሽ» ብላ ሰጠቻቸው።